ለመገላገል ስንሸጥ

 

ሰው ዕቃውን የሚሸጠው ወይ ለማትረፍ ነው ወይ ለመገላገል። ለማትረፍ የሚሸጠው ልቡ የረጋ ነው፤ ዋጋው ካልጣመው ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ለመገላገል የሚሸጠው ግን ቸኩሏል። ዕቃው እጁ ላይ በቆየ ቁጥር ገንዘቡን ይበላበታል፤ "ማን በወሰደልኝ" እያለ ያድራል። ይህ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ፈተና ገጥሞታል። አንደኛው መታለል ነው፣ ሁለተኛው ማታለል።

ስለ መጀመሪያው ብዙ እንሰማለን፤ "ከአጭበርባሪ ተጠንቀቁ" የሚል መልእክት በየቀኑ ስልካችን ላይ ይደርሳል። ስለ ሁለተኛው ግን ብዙም አናወራም። የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፦ እኔን አታለው የሸጡልኝን ሸክም እኔም በተራዬ ለሌላ ባስተላልፈው ምን አለበት?

ጥያቄውን በአንድ ተጨባጭ ጉዳይ እንየው። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አገር ቤት ያላችሁም ከዘመድ አፍ ሰምታችሁት ይሆናል። ታይምሼር ይባላል።

ታይምሼር ማለት በአንድ የመዝናኛ ሆቴል ወይም አፓርታማ ውስጥ በዓመት ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት፣ የመጠቀም መብት መግዛት ነው። አንዱን ክፍል ብዙ ሰዎች ሳምንት ሳምንቱን ይካፈሉታል። ሐሳቡ በራሱ ሐራም ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ጉዳዩን ተመልክቶ፣ የሽያጭና የኪራይ ሸርጦች እስከተጠበቁና የሚሸጠው ጥቅም በግልጽ እስከታወቀ ድረስ እንደሚፈቀድ ወስኗል። መካ ውስጥም ከሐረሙ አጠገብ ባለው ዘምዘም ታወር፣ በዓመት የተወሰነ ሳምንት የመጠቀም መብት በሱኩክ መልክ ተሽጧል። ችግሩ የሚመጣው ከአሻሻጡና ከውሉ ነው።

በአሜሪካ፣ በተለይ በኦርላንዶና በላስ ቬጋስ፣ የተለመደው አሻሻጥ እንዲህ ነው። "ነጻ ቲኬት ወይም እራት እንሰጣችኋለን፤ እናንተ ለአንድ ሰዓት ተኩል ገለጻችንን ብቻ ስሙ" ይባላል። ሰዓት ተኩሉ ይረዝማል። አንዱ ሻጭ ሲደክመው ሌላው ይተካል። "ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው" ይላሉ። የእኛ ሰው ደግሞ ስጦታ ተቀብሎ፣ ተጋብዞ፣ "አልፈልግም" ብሎ መነሳት ይከብደዋል። ድካምና ይሉኝታ ሲደራረቡ ይፈርማል።

ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ20,000 ዶላር ይበልጣል። በዚህ ላይ በየዓመቱ የሚከፈል የጥገና ክፍያ አለ፤ በአማካይ ከ1,000 ዶላር ያልፋል፣ እያደርም ይጨምራል። ሄዳችሁ ብትዝናኑም ባትዝናኑም ይከፈላል። አንዳንዱ ውል ማብቂያ ቀን የለውም። ሕጉ ለገዢ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል፤ በፍሎሪዳ 10 ቀን፣ በኔቫዳ 5 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ አሳውቆ ውሉን ማፍረስ ይቻላል። ብዙ ሰው ግን ይህን የሚያውቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ካለፈ በኋላ ምን ይላል? "እሸጠዋለሁ።" መራራው እውነት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ20,000 ዶላር የተገዛ ታይምሼር ዳግም ገበያ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የዋጋውን ጥቂት ቁራሽ እንኳ አያወጣም። በ1 ዶላር የሚያቀርቡት አሉ፤ "በነጻ ውሰዱልኝ" የሚሉም አሉ። የመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ማስታወቂያው፣ ስጦታውና የሻጩ ኮሚሽን ሁሉ ገብቷል፤ ይህን ወጪ መልሶ የሚገዛ ሰው የለም። በተጨማሪም አዲሱ ገዢ የሚረከበው መብቱን ብቻ ሳይሆን የየዓመቱን ክፍያም ጭምር ነው።

እንግዲህ ይህን ሰው አስቡት። ገዢ አጥቶ ዓመታት አልፈውታል። አንድ ቀን ስልክ ይጮኻል። ደዋዩ ትሑት ነው፤ ስሙን ያውቃል፣ የሆቴሉን ስም ያውቃል፣ የገዛበትን ዓመት ያውቃል። "ገዢ አግኝተንልዎታል" ይላል። የሚቀርበው ዋጋ ሰውየው ከገዛበት ይበልጣል። ማኅተም ያለበት ውል በኢሜይል ይመጣል። በውሉ ላይ ያለው የድርጅት ስም በእውነት ያለ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ስሙን ሰርቀውት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፦ "ሽያጩ ከመዘጋቱ በፊት ትንሽ ክፍያ አለ።" ለግብር ነው፣ ለማስተላለፊያ ነው ይባላል። ይከፍላል። ቀጥሎ ሌላ ክፍያ ይመጣል። ከዚያ "ገንዘብዎ ባንክ ላይ ታግዷል፤ ለማስለቀቅ ይህን ያህል ይክፈሉ" ይባላል። በመጨረሻ ደግሞ "ተጭበርብረዋል፣ እኔ ጠበቃ ነኝ፣ አስመልስልዎታለሁ" የሚል ሌላ ሰው ይደውላል፤ እሱም አስቀድሞ ክፍያ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ሁሉም የአንድ ቡድን ሰዎች ናቸው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኤፍ ቢ አይ በ2024 እንዳስታወቀው፣ ከ2019 እስከ 2023 ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ በሜክሲኮ ካሉ ታይምሼሮች ጋር በተያያዘ ማጭበርበር 6,000 ያህል አሜሪካውያን ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደተወሰደባቸው አመልክተዋል። ከዚህ ሥራ ጀርባ ካሉት አንዱ የሐሊስኮ አዲሱ ትውልድ የሚባለው የዕፅ አዘዋዋሪዎች ካርቴል ነው። የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር ከ2023 ጀምሮ ፖርቶ ቫያርታ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ በዚህ ማጭበርበር የተሰማሩ የካርቴሉ ሰዎችና ድርጅቶች ላይ በተደጋጋሚ ማዕቀብ ጥሏል።

ከስልኩ ማዶ ያለው ደዋይስ ማን ነው? ብዙ ጊዜ የእናንተ እኩያ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችል፣ ሥራ የፈለገ ወጣት። በሜይ 2023 በሜክሲኮ ጓዳላሐራ ከተማ አጠገብ በአንድ የጥሪ ማዕከል ይሠሩ የነበሩ ስምንት ያህል ወጣቶች ጠፉ፤ በኋላም አስከሬን ተገኘ። ባለሥልጣናት እንደገለጹት ማዕከሉ ከዚሁ የታይምሼር ማጭበርበር ጋር የተያያዘ ነበር። ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በሌላ ዓይነት የስልክና የኢንተርኔት ማጭበርበር በምያንማር ከነበሩት ካምፖች በፌብሩዋሪ 2025 ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ "ጥሩ ደመወዝ፣ የኮምፒውተር ሥራ" ተብለው የሄዱ ልጆች ናቸው። ውሸትን ሥራው ያደረገ ድርጅት ደንበኛውን ብቻ አይበላም፤ ሠራተኛውንም ይበላል።

አሁን ወደ ተታለለው ሰው እንመለስ። ስለ እሱ ስንሰማ ቶሎ የሚመጣብን ቃል "እንዴት ይሞኛል?" የሚል ነው። እባካችሁ ይህን ቃል ዋጡት። ይህ ሰው የታለለው አእምሮ ስለሌለው አይደለም፤ ተስፋ ስለራበው ነው። ለዓመታት የጠበቀውን ቃል ሰው ነገረው፤ የጠማው ሰው ውኃው ጥሩ ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ይጠጣል።

በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በግብይት የሚሸወድ አንድ ሰው ነበር፤ በአንዳንድ ዘገባዎች ስሙ ሒብባን ኢብኑ ሙንቂዝ እንደሆነ ተጠቅሷል። ጉዳዩ ሲነገራቸው አላፌዙበትም፤ "አንተ ገበያ አትውጣ" ብለውም አላሰናበቱትም። ሲገበያይ ማታለል የሌለበት ይሁን ብሎ ገና ከመጀመሪያው እንዲናገር አስተማሩት። በአንዳንድ ዘገባዎች ደግሞ ሐሳቡን የሚቀይርበት ሦስት ቀን ተሰጥቶታል። ልብ በሉ፤ ለደካማው የተሰጠው ሁለት ነገር ነው፦ በግልጽ የሚናገረው ሸርጥና የማሰቢያ ጊዜ። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በኋላም የሚጠብቀን ይኸው ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችሁ ወይም ዘመዶቻችሁ ታይምሼር መሸጥ ከፈለጉ እነዚህን ያዙ፦

1. መጀመሪያ ወደ ሆቴሉ ድርጅት ራሳችሁ ደውሉ፤ ቁጥሩን ከውሉ ላይ ወስዳችሁ እንጂ ደዋዩ የሰጣችሁን አይደለም። አንዳንድ ድርጅቶች ዕዳ የሌለበትን ታይምሼር መልሰው ይቀበላሉ።

2. እውነተኛውን ዋጋ እወቁ። ተመሳሳዩ በስንት እየቀረበ እንደሆነ ሳታዩ ከማንም ጋር አትነጋገሩ። ከገበያው አሥር እጥፍ የሚከፍል ገዢ አገኘሁ የሚላችሁ ሰው ገዢ የለውም።

3. ከሽያጩ በፊት ክፍያ ለሚጠይቅ አትክፈሉ። የታመነ ደላላ ኮሚሽኑን የሚወስደው ሽያጩ ሲያልቅ፣ ከሽያጩ ገንዘብ ላይ ነው። ፈቃድ እንዳለው ከግዛቱ የሪል እስቴት ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት አጣሩ።

4. ወደ ውጭ አገር ባንክ ገንዘብ ላኩ ካላችሁ፣ ወይም "ዛሬውኑ" ካላችሁ፣ ወይም "ለማንም አትንገሩ" ካላችሁ ስልኩን ዝጉ። ለማንም አትንገር የሚባልበት ሐላል ንግድ የለም።

5. ገንዘብ ሄዶ ከሆነ አትደብቁ። ባንኩን ዛሬውኑ አሳውቁ፤ ለኤፍ ቢ አይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከልና ለፌደራል ንግድ ኮሚሽን አመልክቱ። "አስመልሳለሁ" ብሎ አስቀድሞ ክፍያ ለሚጠይቅ ግን ሁለተኛ አትታለሉ።

እስካሁን ያልኩት የመጀመሪያው ፈተና ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ።

እንበልና ከአጭበርባሪው ተረፋችሁ። ታይምሼሩ ግን አሁንም አለ፤ ክፍያውም እየመጣ ነው። አንድ ቀን መስጂድ የምታውቁት፣ ገና ያገባ ወንድም "ባለቤቴን ኦርላንዶ ወስጄ ባዝናናት ደስ ይለኛል" አለ። የአባታችሁ ፊት በራ። "እኛ በ20,000 የገዛነው አለ፤ በ4,000 እንልቀቅልህ" አሉት። ወንድም 16,000 ዶላር ያተረፈ መሰለው። ስለ ዓመታዊው ክፍያ አልጠየቀም፤ ማንም አልነገረውም። ወረቀቱን የምትሞሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ እንግሊዝኛውን የምታውቁት እናንተ ናችሁና።

እዚህ ላይ ነፍስ ጠበቃ ሆና ሦስት ክርክር ታቀርባለች።

የመጀመሪያው "አልዋሸሁም" የሚል ነው። እውነት ነው፣ የሐሰት ቃል አልወጣም። ግን ራሳችሁን ጠይቁ፤ ዝም ያላችሁት ለምንድን ነው? ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ነው ወይስ ቢያውቅ እንደማይገዛ ስላወቃችሁ ነው? ቢያውቅ አይገዛም ብላችሁ ዝም ካላችሁ፣ ሸያጩ የቆመው በዝምታችሁ ላይ ነው።

ሁለተኛው "ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ያንብብ" የሚል ነው። ለመሆኑ አባታችሁ ያን ቀን አንብበው ነው የፈረሙት? ኩባንያው ለእሳቸው ያላቸውም ይህንኑ ነበር። ያን ጊዜ "ግፍ ነው" ያልነውን ቃል ዛሬ በእኛ አፍ ሲወጣ ሐቅ ልናደርገው አንችልም።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ "እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።" ለዚህ መልሱ ሁላችሁም በምታውቁት ታሪክ ውስጥ አለ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ በተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገቡ፤ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩን ጠየቁት፤ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ነገራቸው። ታሪኩን ስንተርክ ይህን መልስ ቶሎ እናልፈዋለን። ሰውየው እኮ እህሉን ውኃ አላፈሰሰበትም። ጉዳቱ ከሰማይ መጣበት፤ እሱም ተጎጂ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ዝናቡ አልወቀሱትም። የጠየቁት ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረገውም ብለው ነው። ጉዳቱ ከየትም ይምጣ፣ መደበቁ ግን የደባቂው ሥራ ነው። ታይምሼሩም እንዲሁ ነው። ዝናቡ የኩባንያው ነው፤ እርጥቡን ከሥር ማድረግ ግን የእኛ ይሆናል።

ለእናንተ ለወጣቶች ደግሞ አንድ ሌላ ታሪክ አለ። ሰሐባው ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ ግመል ስትሸጥ አይተው ነበር፤ ሻጩ እሳቸው አልነበሩም። ገዢው ይዟት ሲሄድ ተከትለው ደረሱበትና እግሯ ላይ ነውር እንዳለ፣ ለረጅም መንገድ እንደማትሆን ነገሩት። ሻጩ "ሽያጬን አበላሸህብኝ" ብሎ ተቆጣ። እሳቸው ግን ነውሩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የመናገር ግዴታ እንዳለበት አስረዱ። እንግዲህ አስተርጓሚውም፣ ፎርም ሞይውም፣ ደላላውም "እኔ መሐል ሰው ብቻ ነኝ" ማለት አይችልም። አባታችሁን በአክብሮት "አባዬ፣ ስለ ክፍያው እንንገረው" ማለት አለመታዘዝ አይደለም። እሳቸውን በአኺራ ከሚጠየቁበት ነገር ማዳን ነው።

ታዲያ "እንዲህ ከሆነማ መቼም አይሸጥልኝም" የሚል ይኖራል። ላባብላችሁ አልፈልግም፤ ምናልባት አይሸጥ ይሆናል። ምናልባት የታይምሼሩ እውነተኛ ዋጋ ዜሮ ነው። ይህ ያማል። ግን እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ያ 20,000 ዶላር የጠፋው መቼ ነው? የጠፋው በተፈረመበት ቀን ነው፤ ዛሬ የምናየው ያን ቀን የደረሰውን ነው። ደዋዩ አጭበርባሪ የሚሸጥልን "ገንዘብህ ገና አልጠፋም" የሚለውን ወሬ ነው። እኛም ለዚያ ወንድም በዝምታ ስንሸጥ፣ ኪሳራው የእኛ ሳይሆን የእሱ እንዲሆን እየሞከርን ነው። ሁለቱ ፈተናዎች የሚገናኙት እዚህ ነው። ኪሳራውን "ደርሷል፣ ኢናሊላህ" ብሎ የተቀበለ ሰውን አጭበርባሪ የሚይዝበት ገመድ የለውም፤ እሱም ሌላውን የሚያታልልበት ምክንያት የለውም። አንዱ እውነት ከሁለቱም ያድነዋል።

ደግሞም በሐቅ መሸጥ የማይቻል ነገር አይደለም። በየዓመቱ ልጆቹን ይዞ እዚያው ቦታ የሚሄድ፣ ሆቴል ከመከራየት ይሻለኛል የሚል ቤተሰብ አለ። ለእሱ በትንሽ ዋጋ ማግኘቱ ሪዝቅ ነው። ወረቀት አውጡና ጻፉለት፦ ዓመታዊው ክፍያ ይህን ያህል ነው፤ ባለፉት ዓመታት ይህን ያህል ጨምሯል፤ ውሉ የሚያበቃው በዚህ ጊዜ ነው ወይም አያበቃም፤ ገበያ ላይ ተመሳሳዩ በዚህ ዋጋ ይገኛል። ይህን ሁሉ አይቶ "እወስዳለሁ" ካለ፣ ያገኛችሁት 500 ዶላርም ቢሆን በረካ አለበት። ቀድሞ በዝምታ የሸጠ ካለም በሩ አልተዘጋም። ይሂድና ያልነገረውን ይንገር፤ ገዢው መመለስ ከፈለገም ይቀበለው። ፊቅሃችን የተደበቀ ነውር ላገኘ ገዢ የመመለስ መብት ሰጥቶታል።

በዚህ ጁምዓ ከሶላት በኋላ አንድ ነገር እንድታደርጉ አደራ እላለሁ። ወላጆቻችሁ ወይም ዘመዶቻችሁ ሊገላገሉት የሚፈልጉት ነገር ካለ፣ ታይምሼር ይሁን፣ ሞተሩ የታመመ መኪና ይሁን፣ የሚያፈስ ጣሪያ ያለው ቤት ይሁን፣ አብራችኋቸው ቁጭ በሉ። "ማን ደወለላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀጥሎም "ለገዢው ምን እንንገረው?" በሉ። ሁለቱን ጥያቄዎች አትነጣጥሏቸው።

አላህ (ሱ.ወ) ከሚያታልሉንም፣ ሌላውን ከማታለልም ይጠብቀን። ሐቃቸውን ለተነጠቁ አባቶቻችንና እናቶቻችን የተሻለውን ይተካላቸው። በየአገሩ በማታለል ሥራ ተይዘው ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችንንም በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።